ከማሳ የተቀዳ ጥልፍ

የጥልፍ ንድፍ መሥራት የጀመርሁት ከሥራ ከተቀነስሁ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ፍኖተ ሰላም ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር። መንግሥት ሲለወጥ መሥሪያ ቤቱ ተከፋፈለ፣ ሠራተኛ በዛ ተባለ፣ እኔም ከበዙት አንዷ ሆንሁ። ስወጣ ግማሽ ፓኬት የካርቦን ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ለማንም አልተናገርሁም።

በዋናው መንገድ ዳር፣ በረንዳ ለበረንዳ፣ የጥልፍ መኪና የዘረጉ ሰዎች ነበሩ። የሀገር ቀሚስ ደረትና ጫፍ ይጠልፋሉ። ንድፋቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ መስቀል፣ የወይን ሐረግ፣ ደግሞም ከክር መጠቅለያ ላይ የተቀዳ፣ በእኛ አገር የማይበቅል አንድ አበባ። ለአንደኛው ጠላፊ የማር እንጀራ ነድፌ ወሰድሁለት። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «አበባ የለው፣ ምን ያደርጋል?» አለኝ። በሳምንቱ ሁለት ሴቶች ያ ካልሆነ አንወስድም ብለው አስቸገሩት። ከዚያ ወዲህ ንድፍ እየሸጥሁ ኖርሁ።

አሠራሬ ይህ ነበር። ካሬ ወረቀት ሰፍቼ ደብተር አደርጋለሁ። ወረቀቱን የሚሰጠኝ ድሮ አብሮኝ የሠራ፣ አሁን ወረዳው ግቢ ውስጥ የቀረ ሰው ነው። ደብተሩን ይዤ እወጣና ዓይኔ የያዘውን ነገር በካሬ እየቆጠርሁ እስለዋለሁ፤ ይህን ያህል ወደ ላይ፣ ይህን ያህል ወደ ጎን። ቤቴ ስገባ ያንን ቁራጭ እደጋግመዋለሁ፣ እንደ መስታወት እገለብጠዋለሁ፣ ጎን ለጎን እገጥመዋለሁ። ሲያልቅ ጨርቁ ላይ ካርቦን፣ ካርቦኑ ላይ ወረቀቱን አድርጌ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ እጫነዋለሁ። መስመሩ ጨርቁ ላይ ይቀራል። የገመድ አገማመድ፣ የበቆሎ ራስ አደራደር፣ የሰሌን ጠርዝ፣ ሁሉም በዚህ መንገድ ቀሚስ ሆኗል።

ሰው ግን ቆሞ የሚያየውን አይወድም። ቆሞ እያየ የሚጽፍ ከሆነማ ጭራሽ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ እንቁላል የምትሸጥ ሴት ፊት ቆሜ የቅርጫቷን አሠራር ስስል፣

«ምን ትቆጥሪያለሽ?» አለችኝ።

«ቅርጫቱን ነው።»

«ቅርጫቱን ነው ወይስ ያለበትን?» ብላ እንቁላሏን በነጠላዋ ሸፈነች። ሌላ ገበያተኛ እስኪመጣ ድረስ አልገለጠችውም።

እንዲህ ያለው ነገር ብዙ አያስጨንቀኝም ነበር። የሚያስጨንቀኝ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የእህቴ ቤት። በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። ከእናታችን ልጆች የቀረነው እኔና እሷ ነን። ባሌ ቀድሞኝ ሞቷል፣ ልጅም አልወለድሁም። በዓል የምውለው እሷ ዘንድ ነው፣ ሲያመኝ የምተኛውም እሷ ዘንድ። ሌላ የምሄድበት ደጅ አልነበረኝም።

ቤታቸው ወደ ጅጋ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ከፍኖተ ሰላም በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። የእህቴ ባል ጥሩ ገበሬ ናቸው። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ይህ የምጽፈው ነገር በሆነበት ዓመት የመሬት ሽግሽግ ሊመጣ ነው ይባል ጀመር፤ በዚያ ጊዜ ሥልጣን የነበረው ሰው መሬቱ ይቆረጣል ተባለ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ስለ እርሻው ማውራት ተወ። በሬ ጥሩ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ እንኳ ነገር ሆነ።

ለእንቁጣጣሽ ሄጄ እዚያው አደርሁ። ከቤታቸው በላይ፣ በመንገዱ አናት፣ ተዳፋት ላይ ያለ የጤፍ ማሳ አላቸው። ጤፍ ሲዘራ ውሃው ማሳውን እንዳይበላው በማረሻ ሰያፍ ቦይ ይቀደድለታል፤ ፈሰስ ይሉታል። ከጉብታው ላይ ሆነው ሲያዩት የበቀለው ጤፍ ለስልሶ ተኝቷል፣ ፈሰሶቹ ደግሞ ከግራም ከቀኝም ወርደው አንድ ትልቅ ቦይ ላይ ይገናኛሉ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁት ነገር ነው። በዚያን ጠዋት ግን ቀሚስ ጫፍ ላይ ታየኝ። ተቀምጬ ቆጠርሁት፤ በወረቀቱም ዳር የካሬዎቹን ቁጥር ጻፍሁ። ከሳምንት በኋላ ያ ማሳ በአረንጓዴ ክር ተጠልፎ ቡሬ ለምትኖር አንዲት የበርበሬ ነጋዴ ተሸጠ።

ለመስቀል ተመልሼ ሄድሁ። ከረጢቴን ሰቅዬ ከእህቴ ጋር ሽንኩርት ስልጥ፣ ለሰርግ የታጨችው ልጃቸው ንድፍ ልይ ብላ ደብተሩን አወጣች። የዚያን ገጽ ስታገኝ ደስ ብሏት ወደ አባቷ ሮጠች።

«እዩት አባ፣ የእኛ ማሳ።»

ደብተሩን ተቀበሏት። ፈሰሱን በጣታቸው ተከትለው ከላይ እስከ ታች ወረዱ።

«የላይኛው ነው?» አሉኝ።

«ንድፍ ነው። ለቀሚስ ነው።»

«ቁጥሩስ?»

«የካሬ ነው።»

«እህ። መሬትም እኮ በካሬ ነው የሚለካ።»

ገጹን ሲገልጡት ከመካከሉ ካርቦን ወደቀ። አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። የማሳው መስመር በሙሉ ካርቦኑ ላይ ታትሞ ይታያል።

«ካርቦን ያለበት ወረቀት ሁለት ነው» አሉ። «ሊቀመንበር ሆኜ ስንት ጊዜ ፈርሜበታለሁ። አንዱ ይኸው። ሁለተኛው የት ነው?»

«ቡሬ ነው።»

«ቡሬ የት?»

«አንዲት ሴት ቀሚስ ላይ።»

ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ቆመ። «እንግዲያ መሬቴ ቡሬ ገበያ ወጥቶ እየዞረ ነው በያ። ደረቷ ላይ ነው ጫፉ ላይ የተሰፋ?»

እህቴ ሽንኩርቱን አስቀመጠች። «ባለፈው ወረዳው ግቢ ስትገቢ ያዩሽ ሰዎች አሉ» አለችኝ። «አላመንኋቸውም ነበር። ገብተሻል?»

«ገብቻለሁ። ካሬ ወረቀት ልለምን።»

እህቴ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። ማታ ምግቡ ቀረበ፣ ተጎራረስንም። ጠዋት ልሄድ ስነሣ ባሏ ከደጅ ሆነው፣ «ሁለተኛውን ይዘሽ ነይ» አሉኝ። «እስከዚያው መንገዱ ጭቃ ነው፣ አትድከሚ።»

እህቴ ሁልጊዜ የምትሸኘኝ እስከ ወንዙ ነበር። የዚያን ቀን ከአጥሩ ተመለሰች።

በጥቅምት ቡሬ ሄድሁ። የበርበሬ ነጋዴዋን ቤቷ አገኘኋት። ወንበር ሰጠችኝ።

«ቀሚስሽን ለሁለት ቀን ብታውሽኝ» አልኋት። «አሳይቼ እመልሰዋለሁ።»

«የትኛውን? የለበስሁትን?»

«አዎ።»

«ላቤ ያረፈበትን?»

«ጥልፉን ለማሳየት ነው።»

«ለማን ነው የምታሳይው?»

ለእህቴ ባል ብል ይብስብኛል ብዬ ነገሩን አዞርሁ። በአዲስ ልለውጥልሽ አልኋት፤ በዚያ ጊዜ ከወንበሯ ተነሣች።

«ጭራሽ አዲስ! አሮጌውን ወስዳ አዲስ የምትሰጥ ሴት እኔ አላየሁም። ስሚ እህቴ፣ እኔ የልጆች እናት ነኝ። ጨርቄን ከምሰጥሽ አቃጥለዋለሁ።»

ጎረቤቶቿ በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር። አንደኛዋ ጠበል እንድትረጨው ስትመክራት እየሰማሁ ወጣሁ። አውቶቡስ እስኪመጣ መናኸሪያው አጠገብ ስቀመጥ ደብተሬን አላወጣሁም።

በኅዳር የእህቴ ባል ሽማግሌዎች ላኩብኝ። ሁለተኛውን ማምጣት ካልቻልሽ መሐላ ፈጽሚ አሉኝ። በእኛ አገር ማስረጃ የጠፋበት ነገር በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያልቃል፤ ሰውየው የደጁን መዝጊያ ይዞ፣ ቄሱ የሚሉትን እየተከተለ ይምላል። ምሎ የሄደን ሰው ማንም መልሶ አይጠይቀውም። እሺ ብዬ ላክሁ። ያን ጊዜ የሚያስፈራኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

እሑድ ጠዋት ወደዚያ ስሄድ ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ወረቀቱን የሚሰጠኝ ሰው በመስከረም ደብተሬን አገላብጦ አይቶ ነበር። ማሳው ላይ ሲደርስ «ይሄ ደግሞ የት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። «የእህቴ ባል ማሳ ነው፣ ከመንገዱ በላይ» አልሁት። «ያምራል» አለኝ። ንድፌን ያምራል ያለኝ ሰው ብዙ ስላልነበረ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የሰውየው የሥራ ክፍል ምን እንደሆነ በዚያ ቀን አላሰብሁም። በመንገድ ላይ አሰብሁ። መሬት ክፍል ነው።

ከቅዳሴ በኋላ ሰው በደጁ ተሰበሰበ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ቄሱ፣ የእህቴ ባል። እህቴ ከሴቶቹ ጋር ከግንቡ ጥግ ቆማለች። መዝጊያውን ያዝሁ።

«ያንን ማሳ ለመንግሥት ሰው አልሰጠሁም በይ» አሉ ቄሱ።

አልሁ።

«አላሳየሁም በይ» አሉ።

«አላሳየሁም ማለት አልችልም» አልሁ። የሆነውን ባጭሩ ተናገርሁ፤ የጠየቀኝን፣ የመለስሁለትን። ከዚያ በላይ የምጨምረው አልነበረኝም።

«ይኸው» አሉ የእህቴ ባል፤ ድምፃቸውን ግን ከፍ አላደረጉም። «በራሷ አፍ።»

ከሽማግሌዎቹ አንደኛው፣ «ሸፍጥ ቢኖራት ምላ ትሄድ አልነበር?» አሉ።

ሌላው ምርኩዛቸውን እያዩ፣ «ወይም ታቦቱን ፈርታለች» አሉ።

ሁለቱም ልክ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገባኝ። እህቴን አየሁ። መሬት መሬት ታያለች። መሐላው ሳይፈጸም ሰው ተበተነ።

በማግሥቱ ወረዳው ግቢ ሄድሁና ሰውየውን ጠየቅሁት። ማሳውን ለማንም ተናግረህ እንደሆነ አልሁት። «የቱን ማሳ?» አለኝ። ፊቱን ትኩር ብዬ አየሁት። ሰው ሲረሳም ሲደብቅም ፊቱ ያው ነው። ወረቀት ሊሰጠኝ መሳቢያውን ሳበ፤ አልቀበልም ብዬ ወጣሁ።

ከጥምቀት በኋላ መሬት የሚለኩት ገመድ ጣዮች መጡ። የእህቴ ባል ካሏቸው ማሳዎች የላይኛው ለሁለት ተቆረጠ። በዚያው ቀበሌ በቀድሞው መንግሥት ሥልጣን የነበራቸው ሌሎች ሰዎችም ተቆርጦባቸዋል፤ የእነሱን ማሳ ማንም አልነደፈውም። ይህንን ለራሴ ብዙ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ግን ከማሳዎቻቸው ሁሉ ስለ ምን የላይኛው እንደሆነ የነገረኝ የለም። ከመንገድ ስለሚታይ ይሆናል። ጥሩ ስለሆነ ይሆናል። ዛሬም አላውቅም።

እህቴ በዐቢይ ጾም፣ አንድ ቅዳሜ ቀን ቤቴ መጣች። ከመስቀል ወዲህ ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነው። ቆማ ቤቱን ስታይ ቆየችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ያቺ ልጅ ከፋሲካ በኋላ ትዳራለች» አለች። «ቀሚሷን አንች ንደፊላት ትላለች። ሌላ አልፈልግም አለች።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«ገበያ ብዬ ነው የወጣሁ።»

«እሺ» አልሁ።

«ከማንም መሬት እንዳይሆን።»

«እሺ።»

«ከማንም ግቢ፣ ከማንም ከብት፣ ከማንም ቤት።»

«እሺ እትዬ።»

«አሁን እዚሁ ሥሪው። እያየሁሽ።»

ውሃ አቀረብሁላት፤ አልነካችውም። ወረቀት አውጥቼ ጀመርሁ። አንድ ወፍራም መስመር ወደ ታች፣ ከሱ የሚወጡ ቀጫጭን መስመሮች፣ ከቀጫጭኖቹም የሚወጡ ሌሎች። እጄን እንጂ ፊቴን አታይም ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የጓዳዬ ግድግዳ ነው። ምርጊቱ ደርቆ የተሰነጠቀው።»

ተነሥታ ጓዳ ገባች። እጇ ግድግዳው ላይ ሲሄድ ይሰማኛል። ቆየች። ስትመለስ ጣቷ ላይ የጭቃ ዱቄት ነበር። ወረቀቱን አንስታ ወደ ጓዳው በር ወሰደችው፣ አንድ ጊዜ ግድግዳውን፣ አንድ ጊዜ ወረቀቱን አየች።

«እዚህ ላይ አንዲቱን ቅርንጫፍ ትተሻታል» አለች።

«ስደጋግመው እንዲገጥምልኝ ነው።»

«ግድግዳው ላይ አለች እኮ።»

«አለች።»

«ጨምሪያት።»

ጨመርኋት። መስመሩ ከጎረቤቱ ጋር አልገጥም አለ። አዲስ ወረቀት አወጣሁና ካሬዎቹን ከመጀመሪያው መቁጠር ጀመርሁ። እህቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ እኔ ተጠጋችና አብራኝ ትቆጥር ጀመር።