የክርስትና ስሜን ማን ያውቃል?

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ እያልኩ ስዞር፣ አንዱ ጎረምሳ «ጋሼ፣ የኔን እንኳን ሌላ ሰው ሚስቴም አታውቀውም» ብሎ ተኩራራብኝ። «የክርስትና ስምህ ነዋ!» አልኩት። ክው አለ። ከየት እንዳወቅሁ ቢለማመጠኝም አልነገርኩትም። ይጠርጥር! እኔ በመጠርጠር ነው እንጀራ የምበላው።

በእሱ ዕድሜ ሳለሁ፣ ኢንተርኔት ቤት ተሰልፈን ኔትወርክ በምንጠብቅበት ዘመን፣ እንጅባራ ላይ ለጀማሪዎች የኮምፒውተር ደኅንነት የብቃት ፈተና እዘጋጅ ነበር። ክረምቱ የጉድ ነው፤ ዝናቡ ከቆርቆሮው አይወርድም። አብሮኝ የሚማረውና የሚኖረው ደሳለኝ እንደ እኔው የዳንግላ ልጅ፣ የክርስትና አባቴ ልጅ ነው። ፍልሰታ ስለነበር ድንች ቀቅለን በሚጥሚጣ እየበላን፣ ሌባ እንዴት ኮምፒውተር ውስጥ እንደሚገባ እናጠናለን። ትምህርቱ ራሱ ሰው አላምን ያሰኛል።

ለክፍላችን በነፃ የሚያስፈትን አንድ ኮድ ብቻ መጣና ለእኔ ደረሰኝ። አስፈታኞቹ በኢሜይል እንደሚልኩልኝ ተነገረኝ። ኮዱን ቀድሞ ያስገባ ይፈተንበታል፤ ከዚያ በኋላ አይሠራም። ከፍዬ የምፈተንበት አቅም ደግሞ የለኝም። ደሳለኝ «እንኳን ደስ ያለህ» ሲለኝ ፈገግታው አልጣመኝም።

መምህራችን «ማንም የማያውቀውን ቃል ምረጡ» ብሎን ነበር። እኛ አገር ማንም የማያውቀው ቃል ምንድን ነው? መተተኛ እንዳይሰማው ከልጅነታችን ደብቁት የተባልነው የክርስትና ስም ነዋ! ኢሜይሌን «ወልደ ሩፋኤል» ብዬ ቆለፍኩት። የክፍሉ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

አንድ ሰኞ ኢሜይሌን ስከፍት ገና ያላየሁት የኮዱ መልእክት ተነቧል። ቃሉን ወዲያው ቀየርኩ፤ ኮዱ ይሥራ አይሥራ ለማየት ልመዝገብ ስል ግን ኔትወርኩ ድርግም አለ። ስሜን የሚያውቁት እናቴ፣ የንስሐ አባታችንና የእነ ደሳለኝ ቤት ብቻ ናቸው። ታዲያ ማን ቀረ?

«የክርስትና ስሜን ታውቃለህ?» አልኩት ደሳለኝን፣ ቤት እንደገባሁ።

«ወልደ ሩፋኤል» አለ፣ ድንች እየላጠ። ትንሽ እንኳን አልደነገጠም። ይኼ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

«አባትህ ነገሩህ?»

«ምን አባቴ! ትናንት አገር ቤት ስሄድ እናትህ ሰንበቴ ላይ ቆመው ‹ልጄ ወልደ ሩፋኤል በኮምፒውተር ሊፈተን ነው፣ ጸልዩልኝ› አሉ። የዳንግላ ባለጋሪ ሳይቀር ሰምቷል! የክፍላችን የዳንግላ ልጆችም ነበሩ።»

ወይ ጉዴ! ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ስሜን ለሰው ለምን ነገርሽ?»

«ታዲያ ቄሱ በማን ስም ይጸልዩልህ? በመታወቂያህ?»

ኔትወርኩ እስኪመጣ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲመጣ ኮዱን አስገባሁ። ተቀበለኝ! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ተፈተንኩ፣ አለፍኩ፤ እስከ ዛሬም የምኖረው በእሱ ነው።

ማን እንደከፈተው ግን አላወቅሁም። ደሳለኝ በታቦት ምሎልኛል፤ ግማሹን አምኜዋለሁ። ግማሹ ይቆየኝ። የምጠረጥራቸውን አንድ በአንድ ሳስብ ሁሉም ያን እሑድ ሰንበቴው ላይ ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ኮዴን ዓይኑ እያየ፣ መውሰድ እየቻለ ትቶታል። እናቴ ስትለምን እሱም ከሰው ጋር «አሜን» ብሎ ነበርና፣ እጁን የያዘው ያ «አሜን» ይሆን እላለሁ።