እግረ መንገዱን የፈታታት ፖንቲያክ

ሁሉ ቼት የሚለው ቼስተር ግራቦውስኪ ወደ ጋራዡ የገባው የፖንቲያኳን የምታንጠባጥብ የማሞቂያ ቱቦ ሊቀይር ነበር። ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም። ከምሳ በፊት ጨርሶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ታላቅ ወንድሙን ጂንን ከአረጋውያን መንከባከቢያው ወስዶ በራሱ በጂን መኪና ወንዙ ዳር ሊያንሸራሽረው ነበር። ቱቦዋ ጋ ለመድረስ ግን የማሞቂያው ሳጥን መነሳት ነበረበት። ሳጥኑ እንዲነሳ ደግሞ ጎማውን የሚሸፍነው ፓራፋንጎ መፈታት ነበረበት። ፓራፋንጎው ሲፈታ ከሥሩ ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ ኖሮ፣ በጣቱ ነካ ቢያደርገው እንደ ደረቅ ብስኩት ተፈረፈረ። ቼት ወገቡን ይዞ ቆመና «እንግዲህ ከከፈትኩት አይቀር፣ እግረ መንገዴን ይህንንም ላስተካክል» አለ።

ይህን ካለ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።

ቼት በሚኖርባት በዋያንዶት ከተማ ውስጥ ይህን በሽታ የማያውቅ የለም። ዕድሜ ልካቸውን ፋብሪካ ውስጥ የሰው መኪና ሲገጣጥሙ የኖሩ ወንዶች፣ ጡረታ በወጡ ማግስት የራሳቸውን መፍታት ይጀምራሉ። እግረ መንገዴን ያለ ሰው ደግሞ አለቀለት። ፓራፋንጎ ሊቀባ የገባው ሻንሲ ላይ ይደርሳል፤ ሻንሲ ላይ የደረሰው ሞተር ያወርዳል፤ ሞተር ያወረደ ሰው ሚስት ክረምቱን ሙሉ መኪናዋን ደጅ እያሳደረች ጠዋት ጠዋት ከመስተዋቱ ላይ በረዶ ስትፍቅ ትከርማለች። ቼት በሌሎቹ ሲስቅ ነው የኖረው። አሁን የራሱን ጋራዥ ሲያይ፣ ኮፈኑ አንድ ጥግ፣ ወንበሮቹ ሌላ ጥግ፣ በሮቹ ልብስ ማጠቢያው ላይ ተደግፈው፣ ሳቁ ጠፍቶበታል።

መኪናዋ የጂን ናት። ከቬትናም ተመልሶ ብረት ማቅለጫው ውስጥ ሥራ እንደያዘ የገዛት፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ የ1969 ፖንቲያክ። ጂን ሚስት አላገባም፤ ሰው ሲጠይቀው «ፖንቲያኳ ትቀናለች» ይል ነበር። ሳንባው ደክሞ ወደ መንከባከቢያው ሲገባ ቁልፉን ለቼት ሰጠና፣ «ቆማ እንዳትበሰብስብኝ። እሁድ እሁድ እየመጣህ ታዞረኛለህ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለው። ቼትም በእናታቸው መቃብር ማለለት።

መማሉ ቀላል ነበር። የከበደው ቡሎኑ ነው። የዛገ ቡሎን እንደ ሰው ያናድዳል። ቼት ዘይት ይቀባዋል፣ በእሳት ያሞቀዋል፣ በመዶሻ ያባብለዋል፣ ይለምነዋል፣ አባቱን ይሰድበዋል። በመጨረሻ ነቅነቅ ይልና ደስ ሲለው፣ ቀጭ! ጭንቅላቱ ተቆርጦ መፍቻው ውስጥ ይቀራል፤ ሌላው አካሉ ብረቱ ውስጥ ተቀብሮ ይስቅበታል። አንዱን ቡሎን ቆፍሮ ለማውጣት ቅዳሜውን ሙሉ ይፈጃል።

በበሰበሰው ፓራፋንጎ ፋንታ ያዘዘው አዲስ ፓራፋንጎ በትልቅ ካርቶን መጣ። ያብረቀርቃል፤ አያምርም አይባልም። ሲገጥመው ከበሩ ጋር በአውራ ጣት ስፋት ተላለፈ። ላኪዎቹ ጋ ደወለ።

«ጌታዬ፣ ትንሽ ገፋ ቢያደርጉት እኮ ይገጥማል» አለው ስልኩን ያነሣው ልጅ።

«ወዴት ነው የምገፋው? ወደ ኦሃዮ?»

ስልኩ ተዘጋ። የዘጋው እሱ ነው ወይስ ልጁ? ቼት እስከ ዛሬ እኔ ነኝ የዘጋሁት ይላል።

በዚህ ላይ ጎረቤቱ ቨርጂል አለ። ቨርጂል ሥራ የለውም፤ ሥራው ሣሩን ማጨድና አጥሩ ላይ ተደግፎ ማላገጥ ነው።

«ቼት፣ ዛሬስ ምን ፈታህ?»

«ወደ ሣርህ ሂድ።»

«ኧረ እኔ ላግዝህ ብዬ ነው! አሁን እኮ ያልፈታኸው ቤቱን ብቻ ነው። እሱንም እግረ መንገድህን አፍርሰውና እንገላገል።»

ከሁሉም የከፋው ግን እሁድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሚስቱ ማርሊን የሠራችውን ፒዬሮጊ፣ ድንች የተሞላ የሊጥ ቅቅል፣ ይዞ ወደ መንከባከቢያው ይሄዳል። ጂን ሳህኑን አያይም። በመስኮቱ ወደ መኪና ማቆሚያው ነው የሚያየው።

«በምን መጣህ?»

«በማርሊን መኪና። ትንሽ ነው የቀራት፣ ጂን።»

«ባለፈው ወርም ትንሽ ነበር የቀራት። ወደ ኋላ ነው እንዴ የምትሠራት?»

ይህ የመጀመሪያው ዓመት ጨዋታ ነው። በሁለተኛው ዓመት ጂን አፍንጫው ላይ የአየር ቱቦ ተደረገለት፤ ቀልዱም ቀረ። በምን መጣህ ማለቱንም ተወው፤ መስኮቱን አየት አድርጎ ዓይኑን ወደ ግድግዳው ይመልሳል። ቼት ከዚያ ክፍል ሲወጣ ቆሽቱ ያራል፤ በወንድሙ ላይ አይደለም፣ በራሱ ላይ። እንደዚያ ያረረ ሰው ቶሎ ይጨርሳል ትላላችሁ። ቼት ግን ቤት ሲደርስ ሌላ ነገር ይፈታል። ይህን ያህል አስጠብቆት እንዲሁ ጠጋግኖ ቢወስድለት የሚያፍር መሰለው። ከፋብሪካ በወጣችበት ቀን እንደነበረችው፣ ቡሎኗ ሳይቀር እንደዚያው ሆና ካልቀረበች ይህን ሁሉ መዘግየት የሚክስ ነገር አልታየውም። በዘገየ ቁጥር ማማሯ ግድ ሆነ፤ እንድታምር ደግሞ መዘግየት ግድ ሆነ።

ሰኔ ላይ ሞተሩ ገብቶ ተነሳ። ማርሊን ድምፁን ሰምታ እጇን በፎጣ እየጠረገች ወደ ጋራዡ መጣች።

«ትሄዳለች?»

«ትሄዳለች።»

«ፍሬን አላት? ወንበር አላት?»

«አላት፤ ግን እያት እስቲ፣ ግማሿ ገና የዝገት መከላከያ አንቲሩጂኒ ነው። የድሃ ቤት በር መስላለች።»

«ቼት፣ ዛሬ ውሰደው።»

«ቀለሙ ይለቅ።»

«ጂን ቀለም አይደለም የጠየቀህ! ማዞር ነው የጠየቀህ!»

«አንቺ መኪና ምን እንደሆነ አታውቂም።»

«መኪና ምን እንደሆነማ አውቃለሁ። ሁለት ክረምት ደጅ በረዶ ላይ የቆመውን የእኔን ነዋ!» አለችና በሩን ድርግም አድርጋ ገባች። ማርሊን በር የምትደረግም ሴት አልነበረችም። ቼት ትክክል መሆኗን እዚያው ቆሞ ያውቀው ነበር። ቢሆንም የአሸዋ ወረቀቱን አንስቶ ፓራፋንጎውን መፈግፈግ ቀጠለ።

ነሐሴ ውስጥ አለቀች። እውነት ለመናገር ውብ ነበረች፤ ቨርጂል እንኳ ሣር ማጨዱን አቁሞ አጥሩ ላይ መጥቶ አያት። ቼት ማርሊን የተኮሰችለትን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሊወጣ ሲል ስልኩ ጮኸ። ከመንከባከቢያው ነው። ሚስተር ዩጂን (ጂንን በሙሉ ስሙ ነው የሚጠሩት) ሌሊቱን ብሶባቸዋል፤ ከግድግዳው የኦክስጂን መስመር ለአፍታም መነቀል ስለማይችሉ ከአልጋቸው አይወርዱም፤ ከእንግዲህ ውጭ መውጣት የለም።

ቼት ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ሄደ። መንገድ ላይ ሰዎች አውራ ጣታቸውን እያነሱ ሲያደንቁት አንዱንም አላየም። እንባው ዓይኑን ጋርዶት ነበር፤ በንዴት ብዛት ሲያለቅስ ከልጅነቱ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰኔን እያሰበ መሪውን በቡጢ መታው።

የጂን ክፍል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቼት ከመስኮቱ ሥር አቆመና ወርዶ እጁን አውለበለበ። ሬኔ የምትባለው ነርስ አየችው፤ የጂንን ትራስ ከፍ አድርጋ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረችለት። ጂን ቁልቁል መኪናዋን አያት። ቼት ኮፈኗን እንደ ፈረስ አንገት መታ መታ አደረገላት። ጂን ጣቱን በቀስታ ወደ ጆሮው ወሰደ።

ቼት መኪናዋ ውስጥ ገብቶ ነዳጅ ሰጠ። ቀና ብሎ ሲያይ ጂን ጣቱ አሁንም ጆሮው ላይ ነው። ደግሞ ረግጦ ሰጠ። ጂን ራሱን ነቀነቀ፤ አልሰማም።

መስኮቶቹ አይከፈቱም፤ ያ የተረገመ የአየር ማቀዝቀዣም ሕንፃውን ሙሉ ያጉረመርማል። ዋናው ጥፋት ግን የራሱ የቼት ነበር። ጂን መኪናዋን በገዛበት በጋ የሞተሩን ድምፅ የሚያፍነውን የፋብሪካውን ማርሚታ «ሬሳ የሚሸኝ መኪና አስመሰላት» ብሎ ቆርጦ ጥሎ፣ በምትኩ ሁለት ባዶ ቧንቧ ነበር የገጠመላት። ከዚያ ወዲህ ያቺን መኪና ሰው በዓይኑ ሳይሆን በጆሮው ነው የሚያውቃት። ጂን ገና ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ሳለ እናታቸው ድምፁን ሰምታ ሳህኑን ታቀርብ ነበር። ቼት እነዚያን ቧንቧዎች ከፋብሪካ አይደሉም ብሎ ለብረታ ብረት ሰብሳቢ ሰጣቸው። በቦታቸው እንደ መጀመሪያው ያለ፣ ጨዋ፣ ድምፁ የማይሰማ ማርሚታ ገጠመላት። በዚያ ሥራው ኮርቶም ነበር።

ሞተሩን አጠፋ። ከኋላ ሣጥኑ ክሪክ፣ መፍቻና የእንጨት ግንድ አወጣ፤ የመኪናዋን ፊት አንሥቶ፣ ግንድ ደግፎ፣ በነጩ ሸሚዙ አስፋልቱ ላይ ተንጋሎ ከሥሯ ገባ። ቧንቧው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ እሳት ሆኗል። የጣቶቹን አንጓ ላጠው፤ ጮኸ፤ ሰደበ፤ አላቆመም። ዳዶዎቹ በገዛ እጁ ቅባት የቀባቸው አዲሶች ስለነበሩ አንድ በአንድ ወጡለት። የሁለት ዓመት ድካሙን እየፈታው እንደሆነ ያውቃል፤ እጁ ግን እንደዚያን ቀን ፈጥኖ አያውቅም። ሁለቱ ቧንቧዎች ከሞተሩ ተላቀው ቁልቁል ተንጠለጠሉ።

መኪናዋን አወረዳትና አስነሳት።

ድምፁ ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። የሠራተኞቹ መኪኖች ማንቂያ ተራ በተራ ጮኸ። ሕንፃው ላይ መጋረጃዎች ተገለጡ፤ አግዳሚው ላይ ሲጋራ ሲያጨሱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ከዋናው በር አስተዳዳሪዋ እየሮጠች ወጣች።

«ሰውዬ! አብደዋል እንዴ? በሽተኞች እኮ ናቸው ያሉት! ያጥፉ! አሁኑኑ ያጥፉ!»

ቼት ደነገጠና አጠፋ። ወርዶ ቆመ፤ ሸሚዙ ጥላሸት፣ አንጓው ቀይ፣ ፊቱ ከእሱ የባሰ ቀይ። «ይቅርታ፣ እመቤቴ» አለ። ቀና ብሎ መስኮቱን ሲያይ ሬኔ ከቦታዋ የለችም፤ የጂን ፊት ከትራሱ ላይ አይታየውም። ገደልኩት እንዴ ብሎ አሰበ።

የጎን በሩ ተበረገደና ሬኔ እያለከለከች ብቅ አለች። አስተዳዳሪዋን አላየቻትም፤ ወይም እንዳላየች ሆነች።

«ሚስተር ግራቦውስኪ! ወንድምዎ...» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ወንድምዎ ተቆጥተዋል። የኦክስጂን ጭንብላቸውን አንሥተው፣ ‹ማን ነው አጥፋ ያለው?› አሉኝ።»

ቼት አስተዳዳሪዋን አያት። እሷም አየችው፤ ልትናገር አፏን ከፈተች።

«ጆሮዎን ይያዙ፣ እመቤቴ» አላትና ገብቶ ቁልፉን አዞረ።