ጋሽ ወልደአማኑኤል ያሳዩት ዋርካ

የባቱን ጀልባ ማቆሚያ አውቀዋለሁ እያለ ጋሽ ወልደአማኑኤልን አላውቅም የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ለሽርሽር የመጣ ሰው መኪናውን አቁሞ ወደ ሐይቁ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያገኘው እሳቸውን ነበር። ኮፍያቸውን ግንባራቸው ላይ ደፋ አድርገው፣ እጃቸውን ከኋላ አጣምረው፣ «ኮንትራት ነው ወይስ በሰው?» ይላሉ። ኮንትራት ማለት ጀልባዋን ለብቻ ይዞ ደሴቶቹን መዞር፣ ቱሉ ጉዶ ወርዶ ጥንታዊውን ገዳም ማየት፣ ከዚያ መመለስ ነው። ታሪኩ ምርቃት ነው፤ አይከፈልበትም።

ታሪክ ማውራቱንማ ማን ብሏቸው! ጽላቱ ከአክሱም ሸሽቶ ደሴቲቱ ላይ እንደከረመ የሚነገረውን ሲተርኩ፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ እሳቸው ራሳቸው የነበሩ ነው የሚመስለው። የተወለዱት እዚያው ውሃው መሀል፣ አሁን ሰው ትቷት በሄደ በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ነው። አባታቸው የሚቀዝፉት በቄጠማ ታንኳ ነበር። እሳቸው ሞተር ጀልባ ገዝተው የመጡ ቀን ዘመድ አዝማዱ እልል ብሏል። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው «ካፒቴን» ሲላቸው «ኧረ ካፒቴን አትበሉኝ» እያሉ፣ ሳይላቸው ሲቀር ደግሞ ቅር እያላቸው ኖረዋል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ ጋሽ ወልደአማኑኤል ማየት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር።

ዓይናቸው ባንድ ጊዜ አልጠፋም። መጀመሪያ ዳር ዳሩ ጨለመ፣ ከዚያ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማየት ሆነ፣ በመጨረሻ ቀዳዳውም ተደፈነ። አዳማ ሄደው ሲታዩ ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው፣ ዘግይተዋል፣ የሄደው አይመለስም አላቸው። የቀራቸው ብርሃንና ጥላን መለየት ብቻ ነው። ይህን የሚያውቁት ባለቤታቸው እትዬ ተሻለች ብቻ ነበሩ። እትዬ ተሻለች ሐይቁ ዳር ዓሣ እያጸዱ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ያለቀሱትን አልቅሰው፣ የለመኑትን ለምነው፣ ሰውየው እንቢ ሲሉ ጊዜ ተባባሪ ሆኑ። በየጠዋቱ ሐይቁን ቃኝተው እንቦጩን ነፋስ ወዴት እንደገፋው፣ አጥማጆቹ መረብ የት እንደዘረጉ ይነግሯቸዋል። የቀረውን ጋሽ ወልደአማኑኤል በጆሮና በጉንጫቸው ይጨርሱታል። ፀሐይ የትኛውን ጉንጫቸውን እንደምታሞቅ ያውቃሉ፤ የወፎቹ ደሴት ከሩቅ በጠረኗ ትታወቃለች፤ የቱሉ ጉዶ ውሾች ሞተር ሲሰሙ ይጮኻሉ።

እብደት ነው ትሉኝ ይሆናል። ነው እንጂ! ሰው አሳፍሮ! እሳቸው ግን መሪውን እስከያዝኩ ድረስ ሾፌር ነኝ ይሉ ነበር። መሪውን የለቀቁ ዕለት ዓይነ ስውር ይሆናሉ፤ ሰው እጃቸውን ይዞ ደጅ የሚያወጣቸው፣ እጃቸውን ይዞ ቤት የሚያስገባቸው ሽማግሌ ይሆናሉ። ያንን ቀን እንደፈሩት ያለ በዕድሜያቸው የፈሩት ነገር የለም።

ዘንድሮ፣ ኅዳር እንደገባ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአዳማ ሦስት ሰዎች መጡ። ፈቃዱ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ነው፤ ሚልካ ሚስቱ ናት፤ ሁለቱም ጴንጤ ናቸው። ሦስተኛዋ የፈቃዱ እናት እማማ ወርቅውሃ ናቸው። ከአቦምሳ ለሕክምና መጥተው ልጃቸው ቤት ከሰነበቱ በኋላ፣ ያንን ገዳም ሳልሳለም አልመለስም ብለው ችክ አሉ። ልጅየው ባያምንበትም እናቱን እንቢ ማለት አልሆነለትምና ኮንትራት ያዘላቸው።

መሄጃው ላይ ምንም እንከን አልነበረም። ገዳሙ ደረሱ፤ እማማ ወርቅውሃ ተሳለሙ፤ የጥንቱን ብራና አዩ፤ ልጃቸውና ምራታቸው ከውጭ ቆመው ጠበቁ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ከጀልባቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ጉልበቴን ያመኛል ነው ሁልጊዜ የሚሉት። ሲመለሱ ግን ተወልደው ያደጉባትን ትንሿን ደሴት ሳያሳዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። የሞተሩን ድምፅ ቀነስ አደረጉና እጃቸውን ወደ ግራ ዘረጉ።

«ያንን ዋርካ አያችሁት? ኮረብታው ላይ ብቻውን የቆመውን። አባቴ ያረፉት ከሥሩ ነው። ባለቤቴንም ያጨኋት እዚያው ጥላው ሥር ነው።»

ማንም አልመለሰም። ከዚያ እማማ ወርቅውሃ «አየሁት ልጄ፣ እንዴት ያለ ግርማ ሞገስ አለው» አሉ። ሚልካም ቀጠል አድርጋ ጥላው እንዴት እንደሚያምር ተናገረች። ጋሽ ወልደአማኑኤል ደስታቸውን አልቻሉትም። ሽማግሌዎች ከሥሩ ተቀምጠው ሲያስታርቁ፣ ልጆች ሳሉ ቅርንጫፉ ላይ ወጥተው የአባታቸውን ታንኳ ሲጠብቁ የነበረውን፣ አንዱንም ሳያስቀሩ አወሩ።

ከዚያ በኋላ ፈቃዱ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ አጠገባቸው መጣ። ድንገት የፎቶ ፍቅር ያዘው። ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ቢሉልን፣ እነዚያን ወፎች ላንሳ ይላል። ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ እባክዎ ወደ ግራ፣ ጉማሬ ያየሁ መሰለኝ ይላል። አንድ ቦታ ላይ፣ ፎቶው እንዳይንቀጠቀጥብኝ ቀስ ይበሉልኝ አለ። ጋሽ ወልደአማኑኤል ይህ የአዳማ ሰው ሲያይ አይጠግብም እያሉ በሆዳቸው ሳቁ፤ ያለውንም ሁሉ አደረጉለት። በእያንዳንዱ ወፍ እንዲህ የሚደሰት ሰው ከጫኑ ዘመን ሆኗቸዋል።

ዳር ሲደርሱ ጃዕፈር ገመዱን ተቀበላቸው። ጃዕፈር የጀልባ ማኅበሩ ተራ አስከባሪ ነው፤ ሃያ ዓመት አብሯቸው የሠራና እንደ ታላቅ ወንድሙ የሚያያቸው ሰው ነው። ጋሽ ወልደአማኑኤል ወረዱና ሁልጊዜ የሚቆጥሯትን የአሥራ ሁለት እርምጃ መንገድ ጀመሩ። ሰባተኛው ላይ ጠዋት ያልነበረ ነገር ቅልጥማቸውን መታቸውና በደረታቸው ተደፉ። እጃቸው የዳበሰው የዛፍ ቅርፊት ነው፤ ግንዱን ብቻውን የሚያቅፈው ሰው አይገኝም።

«ይኼ ደግሞ የምን እንጨት ነው?» አሉ ተናደው።

«ዋርካው ነዋ ጋሼ፣ የእናንተ ደሴት ዋርካ» አለ ጃዕፈር እያነሳቸው። «ነሐሴ ላይ አውሎ ነፋሱ የጣለው። አሁን ነው ቆርጠው ያመጡት።» ከዚያ ፊታቸውን አየና ግራ ገባው። «በየሳምንቱ በአጠገቡ ያልፉ የለ እንዴ? ያውቃሉ ብዬ እኮ ነው።»

እውነቱን ነው። በየሳምንቱ እያለፈ ለሚያየው ሾፌር፣ ዛፉ ወደቀ ብሎ ወሬ የሚያመጣለት ማን አለ? ለእትዬ ተሻለች ደግሞ ደሴቷ ከዳር ሆነው አትታያቸውም። እና ሦስት ወር ሙሉ ጋሽ ወልደአማኑኤል ባዶ ኮረብታ ለሰው ሲያሳዩ ከርመዋል። ስንቱ አየሁ ብሏቸው ይሆን!

እዚያው ግንዱ ላይ ተቀመጡ። እንግዶቹ ገና አልሄዱም፤ ላይፍ ጃኬታቸውን ሲያወልቁ ይሰማል።

«እማማ» አሉ፣ «ታዲያ ምን አዩ?»

እማማ ወርቅውሃ መጥተው ከጎናቸው ተቀመጡ። «ምንም አላየሁም ልጄ። እጅህን ዘርግተህ፣ ደስ ብሎህ ስታወራ፣ የለም ልል አፌ እንቢ አለኝ። ሰው ውሃ መሀል ይዋረዳል?»

«የልጅዎስ ፎቶ?»

«ስልኩ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።»

ያኔ ሁሉም ገባቸው። ወደ ቀኝ ያላቸው ከእንቦጩ ሊያስመልጣቸው ነው፤ ወደ ግራ ያላቸው መረብ ላይ እንዳይወጡ ነው። ቀስ ይበሉ ሲላቸው ፊታቸው ምን እንደነበረ እግዚአብሔር ይወቅ። ፈቃዱ ያንን ሁሉ መንገድ በአፉ ሲነዳ ነው የመጣው። ሁለቱ ሴቶች ከኋላ ተቃቅፈው፣ እስትንፋሳቸውን ውጠው፣ ሽማግሌው እንዳያፍሩ ሲሉ የዋርካውን ታሪክ ሲያዳምጡ ነበር። ጋሽ ወልደአማኑኤል ምድር ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ይቅር በሉኝ አሉ። ፈቃዱ ምንም አልሆንንም፣ ጌታ ይመስገን አለ። ከዚያ ጋሽ ወልደአማኑኤል የጀልባዋን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡና የጃዕፈርን እጅ ፈልገው መዳፉ ላይ አስቀመጡለት።

እትዬ ተሻለች ዓሣቸውን ጥለው ሮጠው መጡ። የሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ እያየ፣ እጃቸውን ይዘው ቤት አስገቧቸው። ማታውን እትዬ ተሻለች አለቀሱ፤ እኩሌታው እፎይ ብለው፣ እኩሌታው ለዋርካው ነው። እሳቸውም የታጩት እዚያ ነበራ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ወልደአማኑኤል ከቤት አልወጡም። ጎረቤት ልቅሶ እንደሚደርስ ሰው እየገባ ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ዝም ብሎ ይወጣል። እሳቸው ሞተር ሲነሳ በሰሙ ቁጥር የማን እንደሆነ ለራሳቸው ይናገራሉ፤ የራሳቸውን ሲሰሙ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

የኅዳር ጽዮን ዕለት ጃዕፈር ማለዳ መጣ። ሙስሊም ነው፣ በዓሉ የሱ አይደለም፤ ቢሆንም እሳቸው ሳያነግሱ ቀርተው እንደማያውቁ ያውቃል። ልብሳቸውን አልብሶ አወጣቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ላይፍ ጃኬት አደረጉ፤ ከተሳፋሪው መሀል ተቀመጡ። ካፒቴን ያላቸው ሰው አልነበረም። ጃዕፈር የሳቸውን ጀልባ እየነዳ ብዙ ከሄዱ በኋላ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ትንሿ ደሴት ጋ ደርሰናል አይደል?»

«ደርሰናል ጋሼ።»

«ዋርካውስ?»

ጃዕፈር ሞተሩን ቀነስ አደረገ።

«የለም ጋሼ። ጉቶው ብቻ ነው የቀረው።»

«የአባቴ መቃብርስ?»

ጃዕፈር አሻግሮ አየ። «ፀሐይ ላይ ቀርቷል» አለ።

ጋሽ ወልደአማኑኤል ፊታቸውን ወደዚያ መለሱ፤ እንባቸውንም አልጠረጉትም።

«ከእንግዲህ እንዲህ ንገረኝ» አሉ።