ቀስቱ ስልሳ ላይ ነበር

ባለፈው ጥቅምት የመኪናዬን ጎማ ላስቀይር ጎሚስታ ዘንድ ሄጄ ከፍ ያለ ጎማ መረጥሁ። የሰፈራችን መንገድ ወጣ ገባ ስለሆነ ከመሬት ራቅ ትበልልኝ ብዬ ነው። ጎሚስታው ጎማውን እያንከባለለ፣ “እትዬ፣ ይኼን ካሰርሁልዎት የፍጥነት ቆጣሪው አሳንሶ ነው የሚያሳየዎት። ስልሳ ሲልዎት እርስዎ ሰባ ሊሞሉ ነው” አለኝ። ቆጣሪው የሚያውቀው ጎማው ስንት ጊዜ እንደዞረ ብቻ ነው፤ ትልቅ ጎማ ባንድ ዙር ብዙ መንገድ ይሄዳል፣ ቆጣሪው ግን ትንሹ ጎማ ያለ ይመስለዋል። ሰውየው ለማንም ደንበኛ የሚለውን ነው ያለኝ። እኔ ግን እዚያው የጎማ ክምር ላይ ተቀመጥሁ።

ስልሳ የእኔ ቅጽል ስም ነው። ባሕር ዳር አብሮ አደጎቼ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያገኙኝ በእሱ ነው የሚጠሩኝ። እንዴት እንደወጣልኝ ልንገራችሁ።

አባቴ በደርግ ጊዜ የአንድ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ሹፌር ነበር። የመኪናዋ የቤንዚንና የአቧራ ሽታ ከካፖርቱ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። መሥሪያ ቤቱ በኮረኮንች መንገድ ከስልሳ በላይ መንዳት ከልክሏል። እናቴ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ትብስ ነበር፤ ከአባቴ ጋር በሄድሁ ቁጥር ጆሮዬን ይዛ፣ “ስልሳን ካለፈ ትነግሪኛለሽ” ትለኛለች። እኔም ሥራዬን የምወድ ሰላይ ነበርሁ። ዱርቤቴ አክስቴ ዘንድ ስንመላለስ ዓይኔ ከፍጥነት ቆጣሪው ቀይ ቀስት አይነቀልም። ስልሳን ሊያልፍ ሲል ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፣ አባቴም እየሳቀ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሣል።

የጋራዡ ኃላፊ ጋሽ ደምሴ የጡት አባቴ ነበር። ያኔ አንቱ ነበር የምለው፤ ዛሬ ምላሴ እምቢ ስላለኝ ታገሡኝ። ልጅ አልነበረውምና ባገራችን ወግ አውራ ጣቱን ማር ውስጥ ነክሮ አጥብቶኝ ልጁ አደረገኝ። የማሩን ጣዕምና ከማሩ ሥር የነበረውን የግራሶ ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው እሱ ጋራዥ ግቢ ነው። ቅዳሜ ጣና ዳር ስንወርድ የተነፋ የውስጥ ጎማ ይሰጠናል፤ እዚያ ላይ ተጋድመን ደንገሉ ሥር ስንንሳፈፍ እንውላለን። ሁለት አባት አለኝ እያልሁ እኩዮቼን አቃጥላቸው ነበር።

በዚያን ጊዜ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም። ክረምቱ እንዳለፈ የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ላንድሮቨር ጎማ አለቀና፣ ጋሽ ደምሴ የአባቴን መኪና አዳዲስ ጎማዎች ፈትቶ ለካድሬው አሰረለት። ለእኛ ደግሞ ለሌላ መኪና የመጡ፣ መጋዘን ውስጥ የተቀመጡ ተለቅ ያሉ ጎማዎች ገጠመልን። አባቴ ፊቱን ቢያጠቁርም ምንም አላለም፤ በካድሬ ላይ ምን ይባላል? መኪናዋ ከፍ ብላ መርገጫው ላይ መድረስ አቃተኝ። ጋሽ ደምሴ በብብቴ ይዞ አነሣና፣ “አሁን በቅሎ ላይ ነሽ” ብሎ አስቀመጠኝ።

ብዙም ሳይቆይ ከዱርቤቴ ስንመለስ ነው። ጋቢና ውስጥ በአባቴና በአንድ የእርሻ ባለሙያ መካከል ተቀምጫለሁ፤ ካድሬው በራሱ መኪና ከኋላ ይከተለናል። መራዊን እንዳለፍን አንድ በሬ ዘሎ መንገድ ገባ። አባቴ ፍሬን ያዘ፣ መኪናዋ በጠጠሩ ላይ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። የእኔ ከንፈር ተሰነጠቀ፣ የባለሙያው ክንድ ተሰበረ፤ በሬው ምንም ሳይሆን ሣሩን መጋጥ ቀጠለ። ካድሬው ደርሶ ገና ከመኪናው ሲወርድ፣ “እሱን ለመከተል ብቻ ሰባ ነድተናል” አለ። ተርፋችኋል ወይ እንኳ አላለንም።

በሳምንቱ በመሥሪያ ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ሥራውንና መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ነው፤ የሕዝብ ንብረት አውድሟል ከተባለ ደግሞ መታሰርም አለ። “ስልሳ ነበር የምነዳው” ብሎ ተቀመጠ። ልጅቷም ነበረችና ትናገር ተባለ። በተሰፋ ከንፈሬ፣ “ቀስቱ ስልሳ ላይ ነበር” አልሁ። አዳራሹ ሳቀ። ካድሬው ወደ ጋራዡ ኃላፊ ዞሮ፣ “ጓድ ደምሴ፣ የዚህች መኪና ቆጣሪ ተበላሽቷል?” አለው። እኔም የጡት አባቴ ነው፣ አይጥለኝም ብዬ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

“ቆጣሪው ደኅና ነው፤ እኔው ፈትሼዋለሁ” አለ ባርኔጣውን እያሻሸ። ቀጥሎም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ “ልጅ ናት፤ ለአባቷ ብላ ነው” አለ። ስለ ጎማው ማንም አልጠየቀም፣ እሱም አልተነፈሰም።

አባቴ መንጃ ፈቃዱን ተቀምቶ እዚያው መሥሪያ ቤት ዘበኛ ሆነ፤ ላንድሮቨሯ ስትወጣና ስትገባ በሩን የሚከፍተው እሱ ነበር። እኔ ስልሳ ተባልሁ። ከሁሉ የከፋው ግን ዓይኔን ማመን መተዌ ነው። ሰዓት አይቼ እንኳ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ፤ ባለቤቴ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።

ጋሽ ደምሴ ካረፈ ቆይቷል፤ ደረቴን እየደቃሁ ነው የቀበርሁት። ከጎሚስታው በወጣሁ በማግስቱ ባሕር ዳር አጠገብ ሰባታሚት አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ደጅ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። “አባዬ፣ ጎማው ነበር አይደል?” አልሁት። ምን ጎማ አላለኝም።

“የጎማውን ነገር ብናነሣ የካድሬው ስም ይነሣል” አለኝ። “እኔንም ደምሴንም ይወስዱን ነበር። ከስብሰባው በፊት ተነጋግረን ነው ዝም ያልነው።”

“እኔስ?” አልሁት።

“ልጅ ናት፣ ትረሳዋለች ተባባልን።”

ፍርሃቱ ይገባኛል። በዚያ ዘመን የተወሰደ ሁሉ አልተመለሰም፣ አባቴ ደግሞ ይኸው አለልኝ። ግን ዛሬ ልጆቼ አንድ ነገር አየን ካሉኝ ሥራዬን ትቼ ሄጄ አያለሁ፤ ያኔ ለእኔ እንዲህ ያደረገ ሰው አልነበረም። ከዚያ አዳራሽ ስንወጣ፣ አባቴን በዓይኔ ስሕተት ያስቀጣሁት መስሎኝ እየተንሰቀሰቅሁ ነበር። አንድ እጄን አባቴ፣ አንድ እጄን ጋሽ ደምሴ ይዘውኝ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁ ነበር።