ሦስት ቀዳዳና አንድ ማጥለያ

የልጅ ልጄ ጋአን ሊባህ በሚባለው ሰፈራችን ሞባይል ትጠግናለች። ማታ ቤት ስትገባ ደግሞ ከኮምፒውተሯ ጋር የምታያይዘው አንድ ጥቁር ሳጥን አላት። ሬዲዮ ነው ትላለች። ምን ሬዲዮ ነው፣ መጠምዘዣ እንኳ የለው! ጀርባው ላይ የአንቴና ገመድ የሚሰካባቸው ሦስት ቀዳዳዎች አሉት። አንዱ የቅርቡን፣ ታክሲ ውስጥ የሚከፈተውን ኤፍኤም ይሰማል። ሁለተኛው ምን እንደሚሰማ አላህ ይወቅ። ሦስተኛው፣ ጣሪያችን ላይ ከውሃ ታንከሩ እስከ ጎረቤት ግንብ የተዘረጋው ሽቦ ሲሰካበት፣ ባህር ድረስ ይሰማል። አንዱን ነቅላ ሌላውን ስትሰካ ሳያት፣ ሦስት የጋብቻ ጠያቂ አሰልፈሽ እንዲህ ካማረጥሽ ቆመሽ መቅረትሽ ነው እላታለሁ።

እኔ ስፈራ ነው የምቀልደው። ያን ሰሞን ብዙ ቀለድኩ።

አባቷ፣ የኔ ልጅ ማለት ነው፣ ከበርበራ ፍየል በሚያሻግር የእንጨት ጀልባ ላይ ይሠራል። ጀልባዎቹ ከመግሪብ ሶላት በፊት በሬዲዮ ይጠራራሉ፤ ወሬው ሁሉ በሶማልኛና በዓረብኛ ነው። የኔው ግን ድሬዳዋ ያሳደግኩት ነውና፣ ልጁ እንደምትሰማ ስለሚያውቅ፣ መጨረሻ ላይ በቤታችን ቋንቋ ጣል ያደርጋል፦ «እማ፣ ሻዩን ጣጂው።» ደህና ነኝ፣ እየመጣሁ ነው ማለቱ ነው። በዚያ ባህር ላይ እንዲህ የሚል ሌላ ሰው የለም።

ነፋሱ ክፉ ነበር። ጀልባው የሚገባበት ቀን አለፈ። የጀልባው ባለቤት ሲደወልለት ኢንሻአላህ ይላል፣ ሌላ ቃል የለውም። እኛም በየቀኑ ከመግሪብ በፊት ሳጥኑ ጋ ቁጭ።

አንድ ቀን ልጅቷ ሽቦውን ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ሰካች። የከተማው ትልቁ ጣቢያ እየጮኸ ሁሉን ዋጠው። ፊልተር ላድርግበት አለች። ደግሞ እሱ ምንድነው ብላት፣ ማጥለያ በይው፣ የማንፈልገውን ያስቀርልናል አለችኝ። ኮምፒውተሩን ጫን አደረገች፣ ጩኸቱ ጠፋ።

ሌላውም ጠፋ። እንደዚያ ያለ የጠራ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። የሰው ትንፋሽ የለ፣ ኮሽታ የለ። የኔ አፍ ደግሞ አያርፍ፣ ጠያቂዎችሽ ሁሉ ሸሹሽ ወይ አልኳት። አልሳቀችም።

ማጥለያሽ የጀልባዎቹንም ድምፅ እያስቀረው እንዳይሆን አልኳት። ጀልባዎቹ የሚያወሩበት ከትልቁ ጣቢያ ብዙ ስለማይርቅ ትንሽ ይነካዋል፣ ካነሳሁት ግን ጩኸቱ ይውጠዋል አለች።

«አንሺው።»

«አዬዮ፣ ምንም አትሰሚም» አለች፤ አያቴ ማለቷ ነው።

«ጩኸት ውስጥ ልፈልገው። እዚህ ዝምታ ውስጥ ግን የቀበርነው ይመስለኛል።»

አነሳችው። የትልቁ ጣቢያ ዜና አንባቢ ጆሮዬ ላይ መጣ። ድምፅ ማጉያው ላይ ተለጠፍኩ። ከዜናው ሥር አንዱ በዓረብኛ ይጣራል፣ አንዱ በሶማልኛ ይመልሳል፣ ይመጣል ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ።

«እማ፣ ሻዩን ገና አትጣጂው።»

ተቆረጠ።

ልጅቷ አባቷን እየጠራች ታለቅሳለች። በሕይወት አለ፣ አልሐምዱሊላህ። ግን «ገና» ምን ማለት ነው? ሞተሩ ቆሞ ነው? ውሃ እየገባባቸው ነው? ስጪኝ ላናግረው አልኳት። ይሄ ሳጥን መስማት እንጂ መናገር አይችልም አለችኝ።

«የአያትሽ፣ የባሌ ተቃራኒ ነው። እሱ መናገር እንጂ መስማት አይችልም ነበር» አልኩና እኔም አለቀስኩ።

ልጅቷ የጀልባው ባለቤት ጋ ደወለች። በሕይወት እንዳሉ፣ የሆነ ነገር ግን እንዳገታቸው ነገረችው። ያኔ ኢንሻአላህ ማለቱን ትቶ ሌላ ጀልባ እልካለሁ አለ።

እኔ ተነስቼ ሻዩን ጣድኩት። ልጄ መች ታዝዞኝ ያውቃል፣ እኔ የምታዘዘው? ማጥለያውንም ዳግመኛ አላስነካኋትም፤ ዜና አንባቢው ቤታችን ውስጥ ሲጮህ ሰነበተ። ሌላ ቃል ግን አልሰማንም። የተላከው ጀልባ እየጎተታቸው ይሆናል፣ የሚጎተት ጀልባ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው ይላሉ። ሻዩ ሲቀዘቅዝ ውሃ ጨምሬ አሞቀዋለሁ፣ ይጠቁራል፣ ደግሞ አሞቀዋለሁ። ልድፋው ስትለኝ ጮህኩባት።

ልጄ ሲመጣ ያንኑ ሻይ ቀዳሁለት። መረረኝ አለ።