ለአስማማው የተከፈተ ውሃ

የተነቀለ እንቦጭ ሲበሰብስ ይከረፋል። ዛሬም ሐይቁ ዳር የተከመረው ሸተተኝና አባቴ በቁሙ ታየኝ።

ልጅ ሳለሁ ታላቅ ወንድሜን አስማማውን ወደ ደቅ ደሴት ሲሄድ ሞገድ በላው። ታንኳው ተገኘ፤ እሱ አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ አባቴ ጧት ጧት እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ገብቶ ደንገሉን ከነሥሩ ይመነግል ነበር። የጣና ሰው ደንገል ያጭዳል እንጂ ሥሩን አይነካም።

እናቴ፣ «ኧረ አንተ ሰው፣ ታንኳ የምንሠራበትን ፈጀኸው እኮ!» ትለዋለች።

«መግቢያው እንዳይዘጋበት ነው» ይላታል። እሷም ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዛለች። እኔ ማን እንደሚመጣ አላወቅሁም ነበር።

አሁን ያንን ቦታ እንቦጭ ደፍኖታል። ሱሪዬን ሰብስቤ ገባሁና መንቀል ጀመርሁ። ለእንቦጭ ነቀላ ዘመቻ የወጡ ጎረምሶች እየሳቁ፣ «አባባ ይውጡ፣ ነገ ተመልሶ ይበቅላል» አሉኝ። መብቀሉንማ አላጣሁትም። እጄን ወደ ታች ስሰድ ግን የሆነ ነገር ጣቶቼን ይይዘኛል። ስስበው ሥር ነው። ደግሞ ስሰድ ደግሞ ይይዘኛል።

ሳላስበው፣ «አስማማው፣ በዚህ በኩል ነው» ብዬ ጮህሁ።

ጎረምሶቹ ሳቃቸውን አቆሙ።