ጥቁሯ ሽቦ

እህቱ የታናሽ ወንድማቸውን መርዶ ይዛ የጥገና ሱቁ በር ላይ ስትቆም፣ ታላቅየው ፊቱን አጥቁሮ ተቀምጦ ነበር። አንድ ደንበኛ ገብቶ፣ «ሐኪሙ የለም እንዴ?» ብሎት መውጣቱ ነው። ደንበኞች ሐኪሙ የሚሉት ታናሹን ነው፤ የተበላሸ ዕቃ ስለሚያድን። ሆስፒታል ሲገባ በሦስት ቀን ይወጣል ተብሎ ነበር።

«ጋሼ፣ አለፈ እኮ» አለችው።

የያዘውን የብየዳ ካውያ ከሶኬት ነቀለ። ሌላ የሚያደርገው አልመጣለትም።

ታናሹን ካውያ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። ሃያ ዓመት የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሆድ ሲከፍት፣ የተበላሸውን ዕቃ በጣቱ ዳስሶ፣ በሙቀቱ ይለየው ነበር። ኋላ ታናሹ ከአውራ ጣት የማትበልጥ ርካሽ ሎጂክ አናላይዘር፣ የኤሌክትሪክ ምልክት ማንበቢያ፣ ገዝቶ መጣ። ቀጫጭን ሽቦዎቿን በቺፑ እግሮች ላይ ቆንጥጦ፣ በውስጡ የሚመላለሰውን ምልክት ኮምፒውተር ላይ እንደ ደረጃ ወጣ ወረድ ሲል ያየዋል። ደንበኛው ሁሉ ወደ ታናሹ ጠረጴዛ ዞረ። ታላቅየው አንጀቱ እያረረ፣ «የልጅ መጫወቻ» ይላል። የእህታቸው የልብስ ስፌት ማሽን ሲበላሽ፣ የምትተዳደርበት ነውና ታናሹ ሊጠግነው እጁን ዘረጋ። «አትንካው፣ የእኔ ሥራ ነው» አለው ታላቅየው።

«አሳየኝ» ማለት ግን ከአፉ አልወጣም። ታናሹ ምሳ እስኪወጣ ጠብቆ፣ የማሽኑን ቦርድ በአናላይዘሩ ለብቻው ሞከረ። ስምንቱን ሽቦ ሰካ፤ ጥቁሯን፣ የቀሩት መነሻ የሆነችውን የግራውንድ ሽቦ፣ ተዋት። ኮምፒውተሩ ላይ መስመሮቹ እብድ እንደሞነጫጨራቸው ሆኑ። ደስ አለው። መጫወቻው የማይረባ ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ጥቁሯ ሽቦ ላይ ቀይ ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘ። ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

«መጀመሪያ እሷ ናት፣ ጋሼ። እሷ ከሌለች የቀሩት ይዋሻሉ። እኔም ረስቻት ሁለት ቀን ለፍቻለሁ።»

ስድብ መሰለው። ፕላስተሩን ልጦ ጣለና ሁለት ሳምንት አኮረፈው። ታናሹ ሆስፒታል የገባው በዚያው ኩርፊያ ላይ ነው።

ከቀብሩ በኋላ በአሥረኛው ቀን ሱቁን ከፈተ። የማሽኑ ቦርድ ላይ ጥቁሯን አስቀድሞ ሰካ። መስመሮቹ ረጋ ብለው መጡ፤ አንዱ ብቻ ከዳር እስከ ዳር ጠፍጣፋ ነበር። ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም።

እህቱ ልታየው መጥታ፣ «እሱ ቢሆን ይሄኔ ጨርሶት ነበር» አለች፤ ለክፋት አልነበረም። ያ የድሮው ቅናት ደረቱ ውስጥ ሲነሳ ተሰማውና አፈረ።

ማሽኑ እስካሁን አልተሠራም።